«የመረጃ ማዕከል» ምን ያከራያል? በዳታ ሴንተርና በማይንቀሳቀስ ንብረት ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወደ አማርኛ ከገቡት ሙያዊ ቃላት መካከል «ዳታ ሴንተር» የሚለውን ያህል ብዙ ስም ወጥቶለት በአንዱም ስም በቅጡ ያልተጠራ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በጋዜጣ «የመረጃ ማዕከል»፣ በኮምፒዩተር መስኮት «የውሂብ ማዕከል»፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «የዳታ ማዕከል»፣ አንዳንድ ጊዜም «የመረጃ ቋት» ይባላል። የስሞቹ መብዛት ብቻውን ባላሳሰበን ነበር፤ አንድ ነገር በቋንቋ ውስጥ እስኪደላደል ድረስ በብዙ ስም መጠራቱ የተለመደ ነውና። ያሳሰበን ሌላ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱም ቢሆን ነገሩ ቤት መሆኑን፣ ይኸውም በመሬት ላይ የሚቆም፣ የሚከራይ፣ የሚሸጥና በዕዳ የሚያዝ ንብረት መሆኑን አይናገርም። ውል የሚተረጉም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚኖርበት ግን ይህንኑ ነው።

ነገሩን ባጭሩ እናስታውስ። ዳታ ሴንተር ሰርቨር የሚባሉት ኮምፒዩተሮች በመደርደሪያ ተደርድረው ሌትና ቀን የሚሠሩበት ሕንፃ ነው። ከሌላው ሕንፃ የሚለየው በግድግዳው ወይም በጣሪያው አይደለም፤ በሚገቡለት የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ መብራት ሲጠፋ በቅጽበት በሚተካው ባትሪ፣ ባትሪውን በሚከተለው ጄኔሬተር፣ የማሽኖቹን ሙቀት በሚያስወግደው ማቀዝቀዣና ከውጭ በሚደርሰው የፋይበር መስመር ነው። የሕንፃው ባለቤት ብዙ ጊዜ የሰርቨሮቹ ባለቤት አይደለም። ባንኩ ወይም የቴሌኮም ድርጅቱ የራሱን ማሽን ይዞ ይመጣና ወለል፣ ኤሌክትሪክ፣ ቅዝቃዜና ጥበቃ ይከራያል። ስለዚህ በሌላው ዓለም ሥራው ከመጋዘንና ከቢሮ ሕንፃ ጋር በአንድ የንብረት መደብ ውስጥ ገብቷል። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ኢኩዊኒክስ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ገንዘብ በሚያውል አክሲዮን ኩባንያነት ነው፤ የዚህ ዐይነት ኩባንያ ግብር ከሚታሰብበት ገቢው ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮኖቹ እንዲያከፋፍል የአገሩ ሕግ ያስገድደዋል። በእኛም አገር በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክ ዊንጉ አፍሪካ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ ለኪራይ የሚሆኑ ቤቶችን አቁመዋል። እንግዲህ ነገሩ መጥቷል፤ ስሙ ነው የዘገየው።

በቅርቡ የአንድ የኪራይ ውል የአማርኛ ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። የማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ተርጓሚው ብርቱ ሠራተኛ መሆኑም ከዐረፍተ ነገሮቹ አሰካክ ይታያል። ጉድለቱ ከእጁ የነበረው የቃላት ዝርዝር ነው። እንግሊዝኛው «ፓወርድ ሼል» ያለው፣ ማለትም መብራት ገብቶለት ውስጡ ገና ያልተደራጀው ሕንፃ፣ በረቂቁ «ኃይል ያለው ቅርፊት» ሆኗል። ሰርቨር እንዲተከልበት የተሰናዳው ወለል «ነጭ ቦታ» ተብሏል። ብዙ ተከራዮች ማሽኖቻቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖራቸው «የጋራ መገኛ» ተሰኝቷል። የኪራይ ነገር በመጣበት ቦታ ሁሉ ደግሞ «ሊዝ» ተጽፏል። ቅርፊቱን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ነገር ግን ውሉ ክርክር ቢያስነሣ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አማርኛ እንደ መሆኑ፣ ዳኛው የሚያነበው ቅርፊቱን ነው። ደግሞም ቃሉ ከእጃችን ነበር፤ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ባዶ ቤት» እና «ከነዕቃው» የሚለውን ልዩነት ያውቀዋል። «መብራት የገባለት ባዶ ሕንፃ» ቢባል ማንም አይሰናከልም ነበር።

ከ«መረጃ» እንጀምር። ቃሉ ከ«ተረዳ» የወጣ ነው፤ የምንረዳበት ወይም የተረዳነው ነገር ማለት ነው። ወንድሙ «ማስረጃ» በፍርድ ቤት ቆሞ ይመሰክራል። ዳታ ግን ገና ያልተረዳነው ጥሬ ነገር ነው፤ ቁጥሩ፣ ምልክቱ፣ ልኬቱ ነው። ስለዚህ «መረጃ» ለዳታ ሲሰጥ ልጁ በአባቱ ስም እንደ መጠራት ይሆናል። ከዚህም በላይ ቃሉ በሥራ የተጨናነቀ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያ «መረጃ» የሚል መስኮት አለ፤ የአገሪቱ የጸጥታ መሥሪያ ቤትም በስሙ ውስጥ ይኸው ቃል አለው። በፍኖተ ሰላም ለቃላት ጥናት በተቀመጥንበት ወቅት «በከተማችሁ የመረጃ ማዕከል ሊሠራ ነው ብትባሉ ምን ይመስላችኋል?» ብለን ጠይቀን ነበር። አንዲት ነጋዴ «ስለ ዋጋ የሚጠየቅበት ቤት ነዋ» አሉን። አጠገባቸው የነበሩት አባት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማንን ሊጠብቁ ነው?» ሲሉ መልሰው ጠየቁን። ሁለቱም ቃሉን በትክክል ተርጉመዋል። የተሳሳተው ስም አውጪው ነው።

«ውሂብ» የሚለው ስያሜ በታላላቆቹ የኮምፒዩተር ድርጅቶች የአማርኛ ገጽ ላይ ከገባ ወዲህ ተስፋፍቷል። ሐሳቡ የተማረ ሰው ሐሳብ ነው። ዳታ በላቲኑ «የተሰጡ ነገሮች» ማለት በመሆኑ፣ ከግእዙ «ወሀበ»፣ ሰጠ፣ ስም ወጣለት። እኛም በመጀመሪያ ስንሰማው ደስ ብሎን ደግፈነው ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ነገር እንድናቅማማ ያደርገናል። አንደኛው የሰዋስው ነው። «ውሂብ» በግእዝ መስጠት የሚለው አርእስት ነው፤ የተሰጠ ለማለት «ውሁብ» መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ስያሜው የተወለደው ከነገሩ ጠባይ ሳይሆን ከላቲኑ ቃል ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ላቲን ለማያውቅ ሰው «ውሂብ» ከ«ዳታ» የበለጠ የሚነግረው የለም። በነገራችን ላይ «ሀብት» የሚለው ቃላችንም ከዚያው ከ«ወሀበ» የመጣ ነው፤ እንግዲህ «ባለሀብት» እና «ውሂብ» ሳይተዋወቁ የሚኖሩ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሕግ አውጪው በበኩሉ በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ በቁጥር 1321፣ «ዳታ» የሚለውን የተውሶ ቃል እንዳለ ተቀብሎታል። ሕግ አንድን ቃል ከያዘ በኋላ መዝገበ ቃላት ከሕጉ ጋር ቢታገል የሚጎዳው ተርጓሚው ነው። ስለ ጥሬው ነገር «ዳታ» እንላለን።

የመረጃ ቋትን ነገር ለብቻው ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ ከተሳኩት ስያሜዎች አንዱ ነው። ቋት ከወፍጮው ሥር ሆኖ ዱቄቱን የሚቀበለው ነው። ለዳታቤዝ ሲውል ምስሉ ጥሩ ነው፦ ከላይ የገባው ተፈጭቶና ተለይቶ ለመታፈስ በሚያመች አኳኋን በአንድ ቦታ ይጠራቀማል። ቃሉ ከገጠር ወጥቶ ከተማ ገባ፤ ማንም አልተከራከረውም። ነገር ግን ቋቱ ዱቄቱን ይይዛል እንጂ ወፍጮ ቤቱን አይዝም። ዳታቤዝ በሰርቨር ውስጥ ያለ አደረጃጀት ሲሆን ዳታ ሴንተር ሰርቨሩ የቆመበት ሕንፃ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ቋቱን የገዛ ሰው ወፍጮ ቤቱን ገዛሁ ብሎ እንዲከራከር በር ይከፍታል።

ከምዕራብ ጎጃም ከሰበሰብናቸው ቃላት መካከል ለዚህ ነገር እጅግ የሳበን «ጎተራ» ነበር። ከቡሬ እስከ ሊበን ባለው አገር ጎተራ ከቤት ውጭ በደጅ ይቆማል፤ ምስጥና እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በቋሚ ላይ ይቀመጣል፤ በጭቃና በእበት ይለሰናል፤ ክዳንም ይደረግለታል። ጎታና ድብኝት ደግሞ ከቤት ውስጥ ናቸው። የጎተራን አሠራር ያየ ሰው የዳታ ሴንተርን መሐንዲስ ሐሳብ በግማሽ ያገኘዋል፦ ከፍ ማድረግ፣ ማድረቅ፣ አየር ማዘዋወር፣ ሌባና ተባይ መከላከል። ቢሆንም ስሙን ለመስጠት ሦስት ነገሮች አገዱን። ከጎተራ የተወሰደ እህል ከጎተራ ይጎድላል፤ ከሰርቨር የተወሰደ ዳታ አይጎድልም። እህል ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሰርቨር ግን ይሠራል። ሦስተኛውንና ወሳኙን ያስተማሩን አንድ የሊበን ገበሬ ናቸው፤ «ጎተራ ይከራያል እንዴ?» አሉን። ጎተራ የባለቤቱ ብቻ ነው። የእኛ ጉዳይ ደግሞ ኪራይ ነው።

ኪራይን የሚሸከመው ቃል «ቤት» ነው። አማርኛ አንድ ሥራ ሕንፃና ባለቤት ሲያገኝ ቤት ይለዋል፦ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ግምጃ ቤት። «ማዕከል» ግን ሥራን እንጂ ሕንፃን አይጠራም፤ ማሠልጠኛውም፣ ጤናውም፣ ምርምሩም ማዕከል ከሆነ ወዲህ ቃሉ ከበር ላይ ከሚሰቀል ሰሌዳ በቀር ትርጉሙ ሳስቷል። በመጀመሪያ «ዳታ ቤት» ብለን ነበር። የሙያ ባልደረቦቻችን እንደ ቡና ቤት ይሰማል፣ ክብር ይጎድለዋል ብለው ተቃወሙን፤ ፍርድ ቤትን ያላዋረደ ቃል ዳታን አያዋርድም ብለን መለስን። ያሸነፈን ሌላ ተቃውሞ ነው። በየመንገዱ «ዳታዬ አለቀ»፣ «ዳታ አብራ» የሚባለው ስለ ሞባይል ኢንተርኔት ነው፤ ዳታ ቤት ሲባል ወጣቱ የሚረዳው የኢንተርኔት ጥቅል የሚሸጥበትን ሱቅ ነው። ተርጓሚው ሊያመልጠው የማይችለው አደጋ ነውና ተውነው። በመጨረሻ ያደርነው በቢሮ ሠራተኛው አፍ ላይ በቆየው ቃል ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «የሰርቨር ክፍል» አለ፤ ክፍሉ ሲሰፋና ለብቻው ሲቆም «የሰርቨር ቤት» ይሆናል። በቤቱ የሚያድረውም፣ ተከራዩ ተሸክሞ የሚመጣውም፣ ውሉ ሲያልቅ የሚወጣውም ሰርቨሩ እንጂ ዳታው አይደለም። ከዚህ በታች በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

አሁን ወደ ንብረቱ ቃላት እንለፍ፤ ብዙው ጉዳት ያለው በዚህ በኩል ነው። «ሪል እስቴት» በእንግሊዝኛው መሬትንና በላዩ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። አማርኛ ሲዋሰው አጥብቦታል፤ በእኛ ጆሮ ሪል እስቴት የሚሸጥ ቪላና አፓርትማ፣ በቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብና የዘገየ ርክክብ ነው። ስለዚህ «የሰርቨር ቤት በሪል እስቴት ዘርፍ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው የሚያየው ከአፓርትማው ሥር የተቀመጠ ኮምፒዩተር ነው። የሕጉ ቋንቋ ከዚህ ይሻላል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1130 መሬትንና ሕንፃን «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ይላቸዋል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1357 ደግሞ ሁለቱን ቃላት፣ የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትን፣ በርእሱ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። አንድ ቢሆኑ ሁለት ጊዜ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር፤ አማርኛው ሁለት ነገሮች እንዳደረጋቸው አዋጁ ራሱ ምስክር ነው። ተርጓሚው የአፓርትማ አስገንቢን ነገር ሲተረጉም «ሪል እስቴት»፣ የሰርቨር ቤትን ሲተረጉም «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ቢል ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ «የማይንቀሳቀስ» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ሁሉም የሰርቨር ቤት በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ አይደለም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ያስገባው ተገጣጣሚ ነበር፤ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተጭኖ፣ በቦታው ላይ ይቀመጣል። ይህ ቤት ነው ወይስ ዕቃ? በባንክ ቢያዝ የሚመዘገበው በቤት ነው ወይስ በሚንቀሳቀስ ንብረት? ሕጉ ንብረቱ ከመሬቱ ጋር ያለውን ትስስር ይመረምራል እንጂ ስሙን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተርጓሚው ስሙን ሲሰጥ ፍርዱን ቀድሞ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ አለበት። የቆመውን «ሕንፃ»፣ ተጭኖ የመጣውን «ተገጣጣሚ የሰርቨር ክፍል» ማለት ይበቃል። በሁለቱም ላይ «ተቋም» ብሎ መሸፋፈን ግን ጉዳዩን ለጠበቆች ማቆየት ነው።

«ሊዝ» ከ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ወዲህ በአማርኛ አንድ የተወሰነ ነገር ሆኗል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር፣ መንግሥት የከተማን ቦታ ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት በክፍያ የሚሰጥበት ውል ማለት ነው። ቤት ግን በሊዝ አይያዝም፤ ይከራያል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው ተርጓሚያችን ባንድ ቃል ተርጉሞታል፤ በሰርቨር ቤት ውስጥ ግን ሁለቱ ንብርብር ናቸው። አስገንቢው መሬቱን ከመንግሥት ወይም ከፓርኩ በሊዝ ይይዛል፤ በላዩ የሠራው ሕንፃ የራሱ ንብረት ነው፤ ባንኩ ደግሞ ከአስገንቢው ወለሉን ይከራያል። ረቂቁ «ባንኩ ለ10 ዓመት ሊዝ ይይዛል» ሲል ባንኩን ከመንግሥት ጋር አዋውሎታል። ኪራይ የሚለውን ቃል ማን እንዳናናቀብን አናውቅም፤ ተራ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ተራነቱ ግን ጥቅሙ ነው፤ ማን ለማን እንደሚከፍል ማንም ሰው ያውቃል።

ከሁሉ የከፋውን ስሕተት ያገኘነው «ኃይል» ላይ ነው። የቢሮ ኪራይ በካሬ ሜትር ይታሰባል። በሰርቨር ቤት ግን ዋናው መለኪያ ካሬ ሜትሩ ሳይሆን ለተከራዩ የተያዘለት የኤሌክትሪክ አቅም ነው፤ ኪራዩ በኪሎዋት፣ ትልቅ ሲሆን በሜጋዋት ይታሰባል። ረቂቁ «ተከራዩ በየወሩ 500 ኪሎዋት ኃይል ይጠቀማል» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ትርጉም የለውም፤ ኪሎዋት በወር አይቆጠርም፣ በወር የሚቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት ነው። መባል የነበረበት «እስከ 500 ኪሎዋት የሚደርስ አቅም ይያዝለታል» ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 500 ኪሎዋት የተያዘለት ተከራይ 30 ቀን ሙሉውን ቢጠቀም 360,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በአማካይ 200 ኪሎዋት ብቻ ቢጠቀም ደግሞ 144,000። የመብራቱ ሒሳብ በዚህ ልክ ይወርዳል፤ ኪራዩ ግን አይወርድም፣ 500ው ተይዞለታልና። በረቂቁ አማርኛ የተጣላ ተከራይ «የተጠቀምሁበትን ብቻ እከፍላለሁ» ቢል ቃሉ ይደግፈዋል። ስለዚህ ለተያዘው «አቅም»፣ ለጠፋው «ፍጆታ» እንበል፤ ሁለቱም አሮጌና የታወቁ ቃላት ናቸው።

በደረጃ ነገርም እንዲሁ ነው። የሰርቨር ቤቶች ካለ መቋረጥ ለመሥራት ባላቸው ዝግጅት ከአንድ እስከ አራት ይመደባሉ፤ የሚበልጠው አራተኛው ነው። ሦስተኛው ማለት ማንኛውም የኤሌክትሪክ ወይም የማቀዝቀዣ ክፍል ለጥገና ሲወጣ ቤቱ የማይቆምበት ነው፤ በተለምዶ 99.982 በመቶ ይባላል፣ በዓመት 1.6 ሰዓት ያህል ቢቋረጥ ነው። በእኛ አገር ግን ደረጃ ወደ ታች ይቆጠራል፤ ደረጃ 1 ተቋራጭ ከደረጃ 3 ተቋራጭ ይበልጣል። «ደረጃ 3» የሚለውን ያነበበ ባለገንዘብ ዝቅተኛ ቤት ሊሸጡልኝ ነው ብሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም። «እርከን» የተሻለ ነው፤ በጎጃም ተዳፋት ላይ እርከን የሠራ ገበሬ ሦስተኛው ከሁለተኛው በላይ መሆኑን አይጠየቅም። ከቁጥሩም ጋር ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 99.982 የሚናገረው ስለ ቤቱ፣ ስለ መብራቱና ስለ ቅዝቃዜው ነው እንጂ ስለ መስመሩ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በየትኛውም ከተማ ያለ ሰርቨር አንዴም ሳይጠፋ የቡሬ ደንበኛው ሊደርስበት አይችልም ነበር። ስለዚህ ይህን ቁጥር «የአገልግሎት አለመቋረጥ» ብሎ መተርጎም ባለቤቱ ያልገባውን ቃል እንደ ማስገባት ነው፤ «የመብራትና የቅዝቃዜ አለመቋረጥ» ይባል።

ቡሬን ካነሣን «አልሚ» የሚለውን ቃል ሳንነካ ማለፍ አይቻልም። እስካሁን የተነጋገርነው በአይሲቲ ፓርክ አጥር ውስጥ ስላለ ንብረት ነው፤ በዚያ የሚዋዋሉት መሐንዲሶችና ባንኮች ናቸው። የሰርቨር ቤት ግን ርካሽ መሬትና ቅርብ የኤሌክትሪክ መስመር ፍለጋ ከከተማ የሚወጣ ሥራ ነው፤ በሌላው ዓለምም በእርሻ ላይ ብዙ ተሠርቷል። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ሌላ ጫፍ የሚቀመጠው ባለ ይዞታው ገበሬ ነው። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከ250 ሄክታር በላይ በሚሆን መሬት ላይ መሠራት በጀመረበት ዘመን፣ የመሬት ቃላት ልንሰበስብ በዚያ ነበርን። «መሬቱ ለአልሚ ይሰጣል» የሚለው አነጋገር በስብሰባው ሁሉ ይደጋገም ነበር። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው «ልጆቼ፣ በቆሎውንና በርበሬውን ሳወጣ የኖርሁት እኔስ ምን ሳደርገው ነበር?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ለማ፣ ለም፣ ልማት፤ በገጠሩ አማርኛ ልማት የአፈሩ ነው። ቃሉን ከአፈሩ አንሥቶ ለሕንፃ መስጠት የቆየውን አራሽ ያላለማ ያደርገዋል፤ ካሣ የሚገመተው ደግሞ ባለው ልማት ነው። ሕንፃ የሚሠራ ሰው «ገንቢ» ወይም «አስገንቢ» ይባል። ምንም አይጎድልበትም።

እንዲህ ያለው የቃል መሸሸግ በመንግሥት ቋንቋም አለ። ቢትኮይን የተባለውን ገንዘብ ለማግኘት ማሽኖችን ያለ ዕረፍት የሚያሠሩ ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ሲዋዋሉ ሥራቸው «ዳታ ማይኒንግ» ተባለ። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ተቀጥላ ጋር ያደረገው የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ስምምነትም ዳታ ማይኒንግና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና መሠረተ ልማት የሚል ነበር፤ የተቀጥላው ስም ደግሞ ዳታ ሴንተር ሰርቪስ ነው። ዳታ ማይኒንግ ግን በሙያው ሌላ ነው፤ ከብዙ ዳታ ውስጥ የተሰወረ ዝምድና ፈልጎ ማውጣት ነው። የቢትኮይን ማሽን ዳታ አይፈልግም፣ የማንንም ዳታ አያኖርም፤ አንድን ስሌት እየደጋገመ ዕድሉን ይሞክራል። ለንብረት ገማቹና ለመሬት ሰጪው ልዩነቱ ከባድ ነው። የባንክን ሰርቨር የያዘ ቤት ለደቂቃ እንዳይጠፋ ባትሪና ጄኔሬተር ተደርቦለታል፤ ተከራዩም ለዓመታት ይቆያል። የቢትኮይን ማሽን ግን ለሰዓታት ቢጠፋ የሚቀርበት የዚያ ሰዓት ገቢ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሌላ አገር ሲረክስ ማሽኑ ተጭኖ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የቋሚ ተከራይንና የመንገደኛን ኪራይ በአንድ ዋጋ እንደ መገመት ነው። «የቢትኮይን ማሽን ቤት» እንበለው፤ ስሙ አያምርም፣ አይዋሽም ግን።

ሁለት ቃላት ቀርተውናል። «ክላውድ» አንዱ ነው። ስዋሂሊ ደመናን ዊንጉ ስለሚለው፣ በአዲስ አበባ ያለው አከራይ ስሙን ከዚያ ወስዷል። በአማርኛ ግን ደመና ዝናብ የሚጠበቅበት ነው እንጂ ዕቃ የሚኖርበት አይደለም፤ ተርጓሚዎች «ክላውድ» ብለው መተዋቸውን አንቃወምም። ልዩነቱን ለማስረዳት ግን ወፍጮ ቤት ይረዳናል። ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው እህሉን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ወፍጮውም መብራቱም የባለቤቱ ነው፣ ክፍያውም በተፈጨው ልክ ነው። ክላውድ ይህ ነው። ተከራዩ የገዛ ወፍጮውን ተሸክሞ መጥቶ ወለልና መብራት ብቻ ቢከራይ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ እንግሊዝኛው «ኮሎኬሽን» ያለው ረቂቁም «የጋራ መገኛ» ያለው ይህን ነው።

ለዚህኛው ያቀረብነው ቃል «ደባል» ነው። በአንድ ቤት ተጠግተው፣ ኪራይ ተካፍለው የሚኖሩ ደባሎች ናቸው፤ በፍኖተ ሰላም ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። «ደባል ኪራይ» ቢባል ነገሩ ባንድ ጊዜ ይገባል፤ በጅምላ ሕንፃውን ወይም አዳራሹን ጠቅልሎ ከሚይዘው ተከራይም በግልጽ ይለያል። ሁለት ተቃውሞዎች ቀርበውብናል። አንደኛው፣ ደባሎች ክፍሉን ሳይከልሉ ይጋራሉ፣ በሰርቨር ቤት ግን እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ቁልፍና ፍርግርግ አለው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቃሉ «ደባል ሱስ» ከሚለው አነጋገር ጋር ተያይዞ መጥፎ ስም ማትረፉ ነው። የመጀመሪያውን ልንመልሰው እንችላለን፤ ቃላት ሥራ ሲለውጡ ጥቂት መስፋታቸው የማይቀር ነው። ሁለተኛው አላስተኛንም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ «ደባል» ተብሎ ተፈርሞለት ደስ ይለው እንደ ሆነ ከአዲስ አበባ ሆነን ልንወስን አልፈለግንም። ስለዚህ «የሰርቨር ቤት»፣ «አቅም»፣ «ፍጆታ»፣ «እርከን»፣ «አስገንቢ» እና «መብራት የገባለት ባዶ ሕንፃ» ለሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር ሲተላለፉ «ደባል ኪራይ» በይደር ቆይቷል። በየአካባቢያቸው ደባልን በሌላ ቃል የሚጠሩ አንባብያን፣ በተለይም ከደጋ ዳሞትና ከአቸፈር በኩል፣ ቃሉን ከነአገባቡ ጽፈው ቢልኩልን ከመወሰናችን በፊት እናየዋለን።